መርዶ ይዘን ሽርሽር የወጣን ዕለት

ለውዱ ባለቤቴ፣ ለታዴ፤

ለጤናህ እንደምን አለህ ብዬ አልጀምርም፤ መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ከተለየኸኝ ዓመት ሞልቶ ቀናት ተርፈዋል። ሙት ዓመትህን ባለፈው ሳምንት አወጣን። ጠላው ትንሽ ቀጥኖ ነበር፤ ወጡ ግን ተመስግኗል። የዕድራችን ዳኛ ጋሽ በላይነህ ደጋግመው አስጨምረው ሲያበቁ፣ «እንዲህ ያለ ወጥ እንደሚሠራ ቢያውቅ ታደሰ አይሞትም ነበር» አሉኝ። ምስጋና ይሁን ወቀሳ እስካሁን አልለየሁትም።

ይህን የምጽፍልህ ግን ከቤታችን ከደብረ ብርሃን አይደለም። አንኮበር አጠገብ፣ ጎረቤላ፣ ታላቅ እህትህ እትዬ አስካለ ቤት፣ ደጃፉ ላይ ዱካ አስወጥቼ ፀሐይ እየሞቅሁ ነው። እንዴት እንደመጣን ብነግርህ ትስቃለህ። ሳቅ፤ ግድ የለም። እኔም ከትናንት ወዲህ መሳቅ ጀምሬያለሁ።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ልጅህ ዳዊት መንጃ ፈቃድ አወጣ። የከባድ መኪና ሾፌር ልጅ ሆኖ ይህን ያህል ዕድሜ መሪ ሳይነካ መቆየቱ ያበሽቅህ ነበር፤ አሁን ይነዳል። እንዴት እንደሚነዳ በኋላ እመጣበታለሁ፤ ከመቃብር እንዳትነሣብኝ ቀስ ብዬ ነው የምነግርህ። ሴት ልጃችን ሜሮን በየበዓሉ ከአዲስ አበባ ትመጣለች፤ ስልኳን ከፊቷ አውርዳ የምታየኝ አልፎ አልፎ ቢሆንም ትመጣለች። ውሻህ ቡሌ አሁንም የተሳቢ መኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር በሩ ድረስ ይሮጣል፤ አይቶ ይመለሳል። እኔም አልጋው ላይ ወደ መሃል መጥቻለሁ። ቦታውን ሁሉ ስትይዝብኝ እንዴት እናደድ እንደነበር ታስታውሳለህ። አሁን ሙሉው የኔ ነው፤ ብርድ ብቻ።

እንግዲህ ወደ ነገሬ። አንተ ያረፍህ ሰሞን እትዬ አስካለ በልብ ሕመም ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ሐኪሙ ድንጋጤ አይስማማቸውም ስላለ ዘመድ ተሰብስቦ፣ እስኪሻላቸው መርዶው ይቆይ አለ። ተሻላቸው። ሲሻላቸው ደግሞ፣ ገና ከመዳናቸው እንዴት እንንገራቸው ተባለ። ቀጥሎ ሁዳዴ ገባ፤ በጾም ጉልበት የላቸውም ተባለ። ፋሲካ ሲመጣስ በፋሲካ ማን መርዶ ይነግራል? እንዲህ እያልን ዓመት ሞላን። ታዴ የት ሄደ ሲሉ «ጅቡቲ መስመር ገባ» አልናቸው። ዕድሜ ልኩን ከባድ መኪና ለነዳ ሰው ከዚህ የተሻለ ውሸት ከየት ይመጣል? ለምን አይደውልም ሲሉ ኔትወርክ የለም፤ ለጥምቀት ለምን አልመጣም ሲሉ ወደብ ላይ ወረፋ ያዘው።

እዚያ ላይ ቢቆም ደግ ነበር። ዘመዶችህ ግን ውሸት ሲፈቀድላቸው ሠርግ የተጠሩ መሰላቸው። አንዱ መኪናው ተበላሸ አለ። ሌላው አለቃ ሆኖ ተሾመ አለ፤ ለሹመትህ እትዬ አስካለ እልል ብለዋል አሉ። የደነባው የአጎትህ ልጅማ ጭራሽ «ደነባ ገበያ አየሁት፣ ወፍሯል» ብሎ አረፈ። እሳቸውም «ደነባ ድረስ መጥቶ እኔን ሳያየኝ ይመለሳል?» ብለው ሰንበት እስኪመጣ አኮረፉህ። ሞተህ እንኳ ከኩርፊያ አልዳንህም። ጎረቤላ ደግሞ ዶሮ ጠፋች ሲባል እስከ አንኮበር ጫፍ የምታወራ ከተማ ናት፤ ያንተን ሞት ግን ከቄሱ እስከ ጨው ቸርቻሪዋ ድረስ ዓመት ሙሉ ዋጠችው።

በሶውስ? ጅቡቲ ላይ እህል አይገኝም ብለው ወደ እኛ በመጣ ሰው ሁሉ የገብስ በሶ ይልኩልሃል፤ ለመንገድህ ስንቅ። እኔና ዳዊት ከነውሻው በሶ ስንበላ ከረምን። የንስሐ አባታችን መምሬ ኃይሉም የዘንድሮን የጽጌ ጾም የያዙት ባንተ በሶ ነው።

ሌላው ሰው ለእትዬ ልብ ፈርቶ ነው ዝም ያለው። እኔ የፈራሁት ሌላ ነው፤ ላንተ ካልነገርሁ ለማን እነግራለሁ? ደብረ ብርሃን ላይ ሰው ሁሉ ስምህን ሲያነሣ «ነፍሱን ይማረውና» ብሎ ይጀምራል። እትዬ አስካለ ግን ደውለው፣ «ታዴ ካፖርቱን ይዞ ነው የሄደው? ሳሉ ተወው?» ይሉኛል። ጅቡቲ እሳት ነው ብላቸው የትም አገር ቢሆን ጠዋት ብርድ አይጠፋም ይላሉ። «ሲመጣ ጠጉሩን አስቆርጪው፣ እንደ ባህታዊ ሆኖ እንዳይመጣብኝ» ይላሉ። እኔም «እሺ እትዬ» እላለሁ፤ ስልኩን ስዘጋ በእርግጥ የምትመጣ ይመስለኛል። በዓለም ላይ አንተ ያልሞትህበት አንድ ቤት ነበር የቀረኝ። መርዶው ሲነገር እሱም ሊያልቅብኝ ነው።

ሙት ዓመትህ በወጣ ማግሥት መምሬ ኃይሉ ተቆጡ። «እህቱ በሰላም እንዲመለስ ስለት ትሳላለች፣ እኛ ፍትሐት እናደርሳለን፤ እግዚአብሔር ማንኛችንን ይስማ?» አሉ። ቅዳሜ እንሂድ ተባለ።

ጋሽ በላይነህን ታውቃቸዋለህ፤ መርዶ ለእሳቸው ሙያ ነው። በሠፈራችን እሳቸው ያላረዱት ቤት የለም። ሥርዓቱን አስረዱን። ጎሕ ሲቀድ መድረስ ነው፣ ባለ ሐዘኑ ውሃ ሳይቀምስ። ግባ ቢሉ መግባት እንጂ ተቀመጥ ቢሉ መቀመጥ የለም። የቀረበ እህል አይነካም። ነገሩን ከሩቅ አንሥቶ እያባበሉ ወደ ልቡ መጠጋት ነው። ሜሮን ግን አይሆንም አለች። «በንጋት ጥቁር የለበሰ ሰው በር ላይ ቆሞ ካዩማ ሳይነገራቸው ልባቸው ይቆማል። በቀን፣ ሽርሽር የወጣን መስለን፣ ነጭ ለብሰን እየሣቅን እንግባ» አለች። ጋሽ በላይነህ «መርዶ በሽርሽር!» ብለው ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት። በመጨረሻ ተስማሙ፤ ሰዓቱና ልብሱ የሜሮን ሆነ፣ ሥርዓቱ የጋሽ በላይነህ። ጥፋቱ የተጸነሰው እዚህ ላይ ነው፤ ያኔ ግን ለሁላችንም ብልሃት መስሎን ነበር። ጥቁሩን ልብስ በሻንጣ ከትተን ከወንበር ሥር አስገባነው፤ ከላዩ ድፎ ዳቦ አስቀመጥንበት።

ዳዊት ከጓደኛው ሚኒባስ ተውሶ ቅዳሜ ጠዋት ተነሣን። ታዴ፣ ልጅህ መሪ የሚይዘው የክርስትና ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ነው። ከከተማ ሳንወጣ አህያ ቀደመችን። አላጋነንሁም፤ ጭነት የጫነች አህያ ናት፤ ባለቤቷ ሲያልፍ ዞሮ በሐዘኔታ አየን። ዳዊት በስልኩ ደግሞ ካርታ ከፍቶ በፈረንጅ አፍ መንገድ የምትመራ ሴትዮ አሰናድቷል። ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ አንድ ነው፤ ሴትዮዋ ግን አፏ አላረፈም። አንተ ይህን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ ትል ነበር፤ አንዳንዴም በእርግጥ ጨፍነህ ነበር፣ ጎሽሜ የቀሰቀስኩህን አልረሳሁም።

የጥቅምትን ቀን ታውቀዋለህ። ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። ገብሱ ወደ ቢጫ ሄዷል፤ ውርጩ ከሣሩ ላይ ገና አልለቀቀም፤ በጎቹ ከድንጋይ ካቡ ሥር ተጠግተው ፀሐይ ይጠብቃሉ። ከየጎጆው ላይ የኩበት ጢስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሜሮን «አቁም፣ ፎቶ!» አለች፤ ቆምን። ጥቂት ሄደን መምሬ ኃይሉ ቤተ ክርስቲያን ሳልሳለም አላልፍም አሉ፤ ቆምን። በዚህ መንገድ ዳር ስንት ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ደግሞ ታውቃለህ። አንዱ ጋ ቅዳሴ ያልወጣ ሆኖ እስኪያልቅ ጠበቅን። ሜሮን ከመቶ በግ ጋር ፎቶ ተነሣች፤ ከበጎቹ አንዱ ነጠላዋን በላው።

ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ጋ ስንደርስ እኔው ራሴ አቁሙ አልሁ። ትዝ ይልሃል? አዲስ ሙሽራ ሆኜ ለእህትህ ልታሳየኝ ስትወስደኝ እዚህ ቆመን ነበር። ወንድነትህን ልታሳየኝ ብለህ ትልቁን ጭላዳ በፉጨት ተነኮስኸው፤ እሱ ደግሞ ዘወር ብሎ ምሳችንን ከነአገልግሉ ይዞ ገደል ወረደ። አንተም ጫማህን አውልቀህ ተከተልኸው። ተመልሰህ ስትመጣ አገልግሉ የለም፣ ሱሪህም ጉልበቱ ላይ የለም። እህትህ ቤት በተቀደደ ሱሪ ገባህ፤ እሳቸውም መጀመሪያ ያሉኝ ነገር «ልጄ፣ ይህን ሰውዬ አስበሽበታል?» የሚል ነው። አላሰብሁበትም ነበር። ዛሬም ቢሆን ሳላስብ አገባሃለሁ።

ይህን ለልጆቹ ስተርክ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ጋሽ በላይነህ ደግሞ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ብለው ሥጋ ቤት ካላቆምን ሥርዓቱ ሁሉ ይጠፋብኛል አሉ። አቆምን፤ አንድ አጥንት የተባለው ሙሉ ጎድን ሆነ። መምሬ ጾመኛ ናቸውና ከኪሳቸው በሶ አውጥተው በውሃ በጠበጡ።

ገደሉ አፋፍ ስንደርስ ጉሙ ተገፎ ነበር። ምድር ድንገት ታልቃለች፤ ከዚያ በታች ተራራው በተራራ ላይ እየተደራረበ እስከ አፋር በረሃ ይወርዳል። አንተ እዚህ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ፍሪ አድርገህ ትለቀው ነበር፤ እኔም የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ከጨረስኩ በኋላ ስድብ እጀምር ነበር። ዳዊት ግን በአንደኛ ማርሽ፣ ጡሩንባ እየነፋ፣ ለማንም። ጋሽ በላይነህ ከፍታ እንደሚፈሩ ለካ ማንም አያውቅም፤ ባርኔጣቸውን ዓይናቸው ላይ ደፍተው የመምሬን እጅ ይዘው ነበር። የስልኩ ሴትዮም ወደ ገደሉ ታጠፉ አለች። ዳዊት ያኔ ነው የዘጋት።

ጎረቤላ ገባን። የእህትህ ቤት መታጠፊያ ከሩቅ ይታያል። ዳዊት አየው፤ አልታጠፈም። እኔ አየሁት፤ አልተናገርሁም። ሜሮን በሌላው መስኮት በኩል ተራራ ታደንቃለች። በዚህ ሁሉ ዝምታ ከተማዋን አልፈን የድሮው ቤተ መንግሥት ኮረብታ ሥር ደረስን። ዳዊት ሞተሩን አጥፍቶ፣ «እዚህ መጥቶ አንኮበርን ሳያዩ መመለስ ነውር ነው» አለ። ሁላችንም ትልቅ ነውር ነው አልን። ጉልበቴን የሚያመኝ ሴትዮ ዳገቱን ጫፍ ድረስ ወጣሁት። ነፋሱ ነጠላዬን ሊወስደው ይታገላል፣ ከታች አገሩ ሁሉ ተዘርግቷል፣ ከጎኔ ልጆቼ ቆመዋል። ሁላችንም እዚያው ብንውል በወደድን። መምሬ ኃይሉ ግን ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩና «በቃ፣ ልጆች» አሉ።

እትዬ አስካለ ደጃፋቸው ላይ ገብስ አስጥተው ዶሮ ይከለክላሉ። ጤና ጣቢያ የምትሠራው የልጅ ልጃቸው ሰናይት አጠገባቸው ናት፤ እሷ ሁሉን ታውቃለች፤ እኛን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። እሳቸው ግን በደስታ ከመቀመጫቸው ለመነሣት ተንገዳገዱ። ወደ ቤት አስገብተው አጎዛ አስነጠፉ። ጋሽ በላይነህ በሥርዓታቸው «እንቆማለን» አሉ። ጠላ ቀረበ፤ «የመጣንበት ሳይነገር አንቀምስም» አሉ። እትዬ አስካለ አንድ በአንድ አዩን፤ ነጭ በነጭ ነን፤ ቄስ ከነመስቀላቸው፣ ሽማግሌ ከነከዘራቸው፣ ሜሮን ከነድፎ ዳቦዋ። ጋሽ በላይነህ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና» ብለው ጀመሩ። «የሰው ልጅ ባደገበት ቤት አይቀርም፤ ጊዜው ሲደርስ ከወገኑ ይለያል። ይህ በኛ አልተጀመረም፤ ማልቀስም ያለ ነው፤ ግን የእግዚአብሔር ፈቃድ ነውና በጸጋ መቀበል ነው» አሉ።

እትዬ አስካለ በእጃቸው አፋቸውን ይዘው ሰናይትን አዩ። ሰናይት መሬት አየች። ከዚያ እሳቸው እንዴት ያለ ሣቅ ሣቁ መሰለህ! «ጠርጥሬ ነበር! ከስልክ ጋር ስታንሾካሹክ ጠርጥሬ ነበር! አንቀመጥም፣ አንቀምስም ብሎ በር ላይ የሚቆም ሽማግሌ ምን ሊል እንደመጣ እኔ ይጠፋኛል? እኔም የተዳርሁት በዚሁ ሥርዓት ነው» አሉ።

አየህልኝ? መርዶ ነጋሪም አይቀመጥም፣ ጋብቻ ጠያቂም አይቀመጥም። ነጩን ልብስ ስንጨምርበት ለሰናይት የመጣን ሽማግሌዎች ሆነን አረፍነው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ልጅቷ በእርግጥ ደብረ ብርሃን ላይ የምትወደው ልጅ አላት። ስለዚህ አይደለም ብላ ልታስቆማቸው ቀርቶ አፍራ ከመጋረጃ ጀርባ ገባች።

እትዬ አስካለ ተስተካክለው ተቀመጡና ልጁ የማን ልጅ እንደሆነ፣ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠርልኝ አሉ። ይህን ጊዜ ጋሽ በላይነህ፣ የመርዶው ሊቅ፣ «እመቤቴ፣ ተሳስተዋል» ማለት ነበረባቸው። ሰው ግን ሞትን ከመናገር ለሠርግ መዋሸት ሳይቀልለው አይቀርም። «የጨዋ ልጅ ነው» አሉ። አባቱስ ሲባሉ ጨዋ ናቸው፣ አያቱስ ሲባሉ እሳቸውም እንዲሁ። በሰባት ቤት ውስጥ አንድ ባለጌ አልተገኘም። መምሬ ኃይሉ አፋቸውን ከፍተው ያዩዋቸዋል። ዳዊት ሣቁን ለመዋጥ ጠላውን ጨለጠው፤ ሥርዓቱም በዚሁ ፈረሰ።

እትዬ አስካለ ሁሉን ሰምተው ሲያበቁ፣ «እኔ ደስ ብሎኛል። ግን የዚህ ቤት ራስ ታዴ ነው። እሱ ሳይሰማ ቃል አልሰጥም፤ ከጅቡቲ ሲመለስ ኑ» አሉ። ታዴ፣ ቤቱ ውስጥ የተነፈሰውን ትንፋሽ ብትሰማ! ቀጠሮ ተሰጠን፣ ዳንን። ጋሽ በላይነህ «ተገቢ ነው!» ብለው ባርኔጣቸውን አነሡ። ዳዊት የመኪናውን ቁልፍ አወጣ። እኔም፣ እግዚአብሔር ይየው፣ ደስ አለኝ። አንተ አሁንም እዚያ ቤት አልሞትህም፤ ጭራሽ የሰርግ ፈቃድ ትጠየቃለህ።

እሳቸው ግን ወደ መጋረጃው ዞረው ሰናይትን ጠሯት። «አይዞሽ፣ አትዘኚ» አሏት። «ስንት ዓመትም ቢሆን እንጠብቀዋለን። ያለ ታዴ ምርቃት የምትዳር ልጅ የለችኝም።» ሰናይት መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ አልለመነችም፤ አየችኝ ብቻ። ልጅቷ አንተን ጥበቃ ልታረጅ ነው።

መምሬንም አላየሁ፣ ልጆቼንም አላየሁ። ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድሁና ገለበጥሁት፤ ጥለቱን ወደ አንገቴ አድርጌ ለሐዘን እንደምንለብሰው አዘቀዘቅሁት። ከዚያ እግራቸው ሥር መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

እትዬ አስካለ ነጠላዬን አዩት። ብዙ ጊዜ አዩት። ሣቃቸው ከፊታቸው እስኪጠፋ እንኳ ጊዜ ፈጀ። ከዚያ፣

«መቼ?» አሉ።

ዓመት ሞላው አልኋቸው። መጀመሪያ አልጮኹም። ከመደቡ ወርደው አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ብቻሽን ነው የቻልሽው?» አሉ። እርግማናቸውን ስጠብቅ ይህን ሲሉኝ ጊዜ ቀድሜ የጮኽሁት እኔ ነኝ። ቀጥሎ እሳቸው ጮኹ፣ እንዲያውም ገደሉ መለሰው።

ወዲያው ጎረቤላ ከተፍ አለች። ምነው ምን ሆነ ብሎ የጠየቀ ሰው የለም፤ ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቆ ነው የመጣው። ዓመት ሙሉ ከአጥር ጀርባ ተዘጋጅቶ የቆመ ነው የሚመስለው። ያጠራቀመውን እንባ በአንድ ከሰዓት ለቀቀው። ጨው ቸርቻሪዋ «ልፈነዳ ነበር፣ እናቴን!» እያለች ደረቷን ትደቃለች። ሰናይት መሳሪያዋን አምጥታ የሁላችንንም ደም ግፊት ለካች፤ የእትዬ አስካለ ከኔ ይሻላል። ራሳቸውን ስተው የወደቁት ጋሽ በላይነህ ናቸው። ሲነቁ በሥርዓቱ ያዘጋጁትን ንግግር ከመጀመሪያው ጀምረው አደረጉት፤ ማንም አልሰማቸውም፤ ግን ቀለል አላቸው።

የደነባው የአጎትህ ልጅ በማግሥቱ ለልቅሶ መጣ። እትዬ አስካለ እንባቸውን ጠረግ አድርገው፣ ገበያ ያየኸው ጊዜ የት የት ነበር የወፈረው ብለው ጠየቁት። እስካሁን ጓሮ ነው ያለው፤ ምግቡ እዚያው ይሄድለታል።

እሳቸው ሙሾ ሲያወርዱልህ ብትሰማ ደግሞ ታፍራለህ። ደግነትህን አሉ፤ ቀጥለው ግን ማንኮራፋትህን፣ ሱሪህን፣ አሥር ጊዜ ጠርተውህ በአሥራ አንደኛው «አቤት» ማለትህን። አስለቃሿም ሣቋን መያዝ አቅቷት ነጠላ ተሸፈነች።

ዛሬ ልቅሶ ከተቀመጥን ሦስተኛ ቀናችን ነው። ልጆቹ ተመልሰዋል፤ ዳዊት ዳገቱን በደህና ወጣ፤ ማምሻውን ደረስኩ ብሎ ደውሏል። እኔ ቀረሁ። ያ ቤት ያልቅብኛል ብዬ አልነበር የፈራሁት? አልቋል፤ እዚህም ሞተሃል። ግን ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ። ደብረ ብርሃን ላይ ሰው ሁሉ «በቃሽ፣ ዓመት ሞላሽ፣ ራስሽን ጠብቂ» ይለኛል። እትዬ አስካለ ግን ገና መጀመሪያቸው ነው። በየት ጎኑ ተኛ? ውሃ ጠይቆ ነበር? ዓይኑን የከደነው ማን ነው? እጁ ይሞቅ ነበር? ይሉኛል። ማንም ያልጠየቀኝን ሁሉ። እኔም ከመጀመሪያው ጀምሬ እነግራቸዋለሁ፤ ሲያለቅሱ አብሬ አለቅሳለሁ፤ በመሃል ይሥቃሉ፣ አብሬ እሥቃለሁ። ዓመት ሙሉ እየራቅህ ሄደህ ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ መጀመሪያው ቀን መለሱኝ። እዚያ ደግሞ በጣም ቅርብ ነህ።

ሰናይት የምትወደው ልጅ የእውነት ሽማግሌ ይላክ ተብሏል፣ ሐዘኑ ሲበርድ። ጋሽ በላይነህ በልጁ በኩል እቆማለሁ ብለዋል፤ ዘሩን እኔ ነኝ የማውቀው ይላሉ።

እኔ ላንተ ትልቅ ቃል የለኝም። መንገድ ላይ ተሳቢ ባለፈ ቁጥር ቀና ብዬ አያለሁ። ልጆቼ ይህን ሲያዩ እናታችን አረጀች ቢሉም አልተውም። ስምህን ደግሞ «ነፍሱን ይማረውና» ሳልል በፊት ታዴ ብዬ እጠራዋለሁ፤ ጸሎቱ ቀጥሎ ይመጣል።

እትዬ አስካለ ይኸው መጥተው ጎኔ ተቀመጡ። ለማን ነው የምትጽፊው አሉኝ፤ ለታዴ አልሁ። አልገረማቸውም። አንብቢልኝ አሉ፤ ከላይ ጀምሬ አነበብሁላቸው፣ ስለ እሳቸው የጻፍሁትን ሁሉ ሳላስቀር። የሰባቱ ቤት ጋ ሣቁ። የነጠላው ጋ ስደርስ የነጠላዬን ጫፍ ያዙ። ከዚያ የኔንም ጨምሪበት አሉኝ፤ እንዲህ ብለሽ ጻፊ አሉ፦

ታዴ፣ ሰምቻለሁ። እንግዲህ አንተም እረፍ።

የሺ